የሳልሞን ዓሣና የአጥማጁ ሕሊና



ዛሬ ላወራላችሁ ያሰብሁት በአገራችን ውሃ ውስጥ ስለማይገኝ አንድ ዓሣ ነው። ስሙ ሳልሞን ይባላል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሥጋውን በቆርቆሮ ታሽጎ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አይታችሁታል፤ አንዳንዶቻችሁም በሆቴል ግብዣ ላይ በጢስ ታጥኖ፥ በስሱ ተቈርጦ፥ ከሎሚ ጋር ቀርቦላችሁ ቀምሳችሁታል። እኔ ግን የተነሣሁት ስለ ሥጋው ጣዕም ለመናገር አይደለም። የስኮትላንድና የአካባቢዋ ሰዎች ይህን ዓሣ ከወንዝ ስለ ማውጣት «በምን መሣሪያ ማጥመድ ይገባል? በምንስ ማጥመድ ነውር ነው?» እያሉ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ሕግም አውጥተዋል። ክርክሩ ወደ ኋላ እንደምታዩት እኛንም የሚነካ ቁም ነገር አለበት። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የእኛ በሚሆንበት ስፍራ አመለክታለሁ።

ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ የዓሣውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳልሞን የሁለት ዓለም ፍጥረት ነው። የሚወለደው በቀዝቃዛና በጠራ ወንዝ ውስጥ፥ ከጠጠር በታች ነው። አንድ፥ ሁለት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አራት ዓመት በዚያው በወንዙ ካደገ በኋላ መልኩ እንደ ብር ያንጸባርቅና ወደ ባሕር ይወርዳል። ከስኮትላንድ ወንዞች የወጣው ሳልሞን እስከ ግሪንላንድ ዳርቻ ድረስ ተጕዞ በሰፊው ባሕር ይመገባል፤ ይወፍራል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ከቈየ በኋላ ዘሩን ለመተካት ይመለሳል። የሚመለሰውም ወደ ማንኛውም ወንዝ ሳይሆን ወደ ተወለደበት ወንዝ ነው። አርተር ሃስለር የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1950ዎቹ ባደረጉት ምርምር ዓሣው የትውልድ ወንዙን የሚለየው በሽታው መሆኑን አስረድተዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሳልሞን ወደ ወንዝ ከገባበት ቀን ጀምሮ ምግብ አይበላም። በባሕር ያከማቸውን ስብ እየጨረሰ፥ ከፏፏቴው እየዘለለ፥ ከድንጋዩ እየተላተመ ለወራት ወደ ላይ ይወጣል። ሴቲቱ በጅራቷ ጠጠሩን ቈፍራ ዕንቍላሏን ትጥላለች፤ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከአንድ ሺሕ በላይ ዕንቍላል ይቈጠርላታል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ከስተውና ተዳክመው ይሞታሉ፤ ወደ ባሕር ለመመለስ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ በወንዝ ውስጥ የሚገኝ ትልቅ ሳልሞን ሁሉ መንገደኛ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ልጆቹ ነው። መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወንዙን የዘጋበት ሰው ዓሣ የፈለገ ሰው አይደለም፤ በጠባብ በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ እንደሚዘርፍ ሽፍታ ነው። የጥንት የስኮትላንድ ሰዎች ይህን ዐውቀውት ነበር። በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በነገሡት በንጉሥ ዊልያምና በንጉሥ አሌክሳንደር ስም የሚጠሩ አሮጌ ሕጎች አሏቸው። ከነዚህ አንዱ በወንዝ ላይ የዓሣ ማጥመጃ አጥር የሚሠራ ሰው የወንዙን መካከል ክፍት እንዲተው ያዝዛል። ክፍተቱ ምን ያህል ይሁን? ሦስት ዓመት የሞላው፥ በደንብ የተቀለበ ዐሣማ አፍንጫውም ጅራቱም ሳይነካ በውስጡ ሊዞርበት የሚችል ያህል። መለኪያው ዐሣማ መሆኑን ታገሡኝ፤ በዚያ ዘመን ሜትር አልነበረም፤ ዐሣማን ግን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። ሁለተኛው ሕግ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ፀሐይ መውጫ ድረስ አጥሩ እንዲከፈት ያዝዛል። ሰው በሰንበት ከሥራው ሲያርፍ ዓሣውም መንገዱን ያገኛል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገርም በ1215 የወጣው ማግና ካርታ የተባለው የታወቀ ቃል ኪዳን በሠላሳ ሦስተኛው አንቀጹ የዓሣ አጥሮች ከቴምዝና ከሌሎቹም ወንዞች እንዲነሡ ያዝዛል፤ ያን ጊዜ ግን ይበልጥ የታሰበው ለጀልባ መተላለፊያ ነበር እንጂ ለዓሣው አልነበረም ይባላል።

በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድ እንደ ክቡር ጨዋታ ተቈጥሮ የራሱ ሥነ ምግባር የተጻፈለት ከዚህ በኋላ ነው። በ1496 በእንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ አንድ የማጥመድ መጽሐፍ አጥማጁ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስድ፥ የሰው አጥር እንዳይሰብር፥ በድኻ ሰው ውሃ ውስጥም ያለ ፈቃድ እንዳያጠምድ ይመክራል። የድኻውን ውሃ ለይቶ ማንሣቱ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ነውር የሚባለው ነገር በየዘመኑ ይለዋወጣል። ዊልያም ስክሮፕ የተባሉ አንድ ባለጸጋ በ1843 ስለ ትዊድ ወንዝ ዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በሌሊት ችቦ አብርቶ፥ በብርሃኑ የደነገጠውን ሳልሞን ባለ ብዙ ጥርስ በሆነ ጦር መውጋት እንደ ጥሩ ጨዋታ ተወድሷል። መኳንንቱም፥ ገበሬውም፥ እረኛውም በአንድነት የሚሰለፉበት የሌሊት ደስታ ነበር። ብዙ ዓመት ሳይቈይ በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያም በኋላ በወጡት ሕጎች ጦሩም፥ ችቦውም፥ የሳልሞንን ዕንቍላል ለማጥመጃ ማድረግም ተከለከሉ። ትናንት የጌታ ጨዋታ የነበረው ዛሬ የሌባ ሥራ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። በስኮትላንድ ሳልሞን የማጥመድ መብት እንደ ቤትና እንደ መሬት የሚሸጥና የሚገዛ የግል ንብረት ነው፤ ሕጉን በማውጣትም የባለ ንብረቶቹ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ «ሥነ ምግባር» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የባለቤቱን ጥቅም የሚሸፍን ካባ ሆኖ እንዳገለገለ የሚክድ የለም። በባንክ ሥር እጁን ሰዶ ዓሣውን በሆዱ እየዳበሰ የሚይዝ የገጠር ልጅ ሕግ ጣሰ ተብሎ ይቀጣ ነበር፤ ጌታው ደግሞ በአንድ ቀን ብዙ ዓሣ በዘንግ አውጥቶ ከአስከሬኑ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለው የእኛ ተረት በዚያ አገር ቢሆን ዘንዶው የወንዙ ዘበኛ በሆነ ነበር።

እንደዚህም ሆኖ ከሕጉ ውስጥ ጥቅም ያለበትን ከሌለበት መለየት ይቻላል። መርዝና ፈንጂን በመከልከሉ ማንም ሊቃወመው አይችልም፤ እነዚህ ትልቁን ከትንሹ፥ የሚፈለገውን ከማይፈለገው ሳይለዩ የወንዙን ሕይወት ሁሉ ያጠፋሉ። በሦስት ጥርስ መንጠቆ ዓሣውን በሆዱ ወይም በጀርባው ወግቶ መጐተትም እንዲሁ የተነወረ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣው ራሱ አፉን ከፍቶ አልመጣም። ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ የዘንግ ማጥመድ ሥነ ምግባር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አጥማጁ ይጋብዛል፤ ዓሣው መቀበልም እንቢ ማለትም ይችላል።

ታዲያ የማይበላ ዓሣ ግብዣውን ለምን ይቀበላል? ይህ እስከ ዛሬ ሊቃውንቱ ያልተስማሙበት ጥያቄ ነው። አንዳንዶች በባሕር ይመገብ በነበረበት ጊዜ የለመደው ልማድ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ስፍራውን ለመከላከል ተቈጥቶ ነው ይላሉ። ሳልሞን ለመያዝ የሚሠሩት የላባ ዝንቦችም ምንም ዝንብ አይመስሉም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከሩቅ አገር ወፎች በመጡ ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ላባዎች ተጠቅልለው ይሠሩ ስለ ነበር ከመንጠቆ ይልቅ የወይዘሮ ጌጥ ይመስሉ ነበር። በዚህ ምክንያት በላባ ዝንብ የሚያጠምደው ሰው ራሱን ከሌላው ከፍ አድርጎ ማየት ጀመረ፤ በትልና በትንንሽ ዓሣ የሚያጠምደውንም እንደ ባለጌ ቈጠረው።

ይህ ትዕቢት እንዳይገዛን አንዲት ሴት ላንሣ። ሚስ ጆርጂና ባላንታይን ጥቅምት 7 ቀን 1922 በቴይ ወንዝ ላይ አባቷ ጀልባውን እየቀዘፈላት አንድ ሳልሞን ያዘች። ከሁለት ሰዓት በላይ ታግላው፥ ከመሸ በኋላ ከጀልባው ገባ። ክብደቱ 64 ፓውንድ፥ ማለት 29 ኪሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አሁን በብሪታንያ ምድር በዘንግ ከዚህ የሚበልጥ ሳልሞን እንደ ተያዘ አልተመዘገበም። ዓሣውም ፐርዝ ከተማ ላለው ሆስፒታል ተሰጠ። የያዘችበት ግን የላባ ዝንብ አልነበረም፤ በውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ትንሽ ዓሣ ነበር። የወንዙ ጌቶች የሚመኙትን ሁሉ የወሰደችው ጌቶቹ በሚንቁት ማጥመጃ ነው።

ቢሆንም በላባና በትል መካከል ያለው ልዩነት ከንቱ ኵራት ብቻ አይደለም። ትሉን ዓሣው ወደ ጕሮሮው ይውጠዋል፤ መንጠቆውም ከሆድ ዕቃው ይገባል። የላባው መንጠቆ ግን ብዙውን ጊዜ ከንፈሩን ይይዛል። ዓሣውን ለመብል ለሚፈልግ ሰው ይህ ለውጥ የለውም። ሊለቅቀው ለሚያስብ ሰው ግን በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ወደ ዘመናችንም ክርክር የሚያደርሰን ይኸው ነው።

ሳልሞን እጅግ አንሷልና። በስኮትላንድ ወንዞች በዘንግ የተያዘው ሳልሞን በ1952 መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንደ 2023 ዓመት ያነሰበት ጊዜ አልነበረም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአትላንቲክን ሳልሞን ለመጥፋት ከተቃረቡት ተራ አስገባው፤ የብሪታንያውን ደግሞ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ጋር ቈጠረው። በኖርዌይም በሰኔ 2024 በማጥመጃው ወቅት መካከል 33 ወንዞች በድንገት ተዘግተዋል። የባሕሩ መሞቅ፥ በባሕር ላይ በየጐጆው ከሚረባው ሳልሞን የሚመጣ ቅማል፥ ግድቦችና የውሃ መቈሸሽ ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ዘንግ የያዘው ሰው ብቻውን ይህን አላደረገም።

ስለዚህ በስኮትላንድ ከ2002 ጀምሮ በዘንግ የተያዘ ሳልሞን መሸጥ ተከለከለ። በ2016 በወጣው ደንብም የዓሣቸው ቍጥር ባነሰባቸው ወንዞች የተያዘው ሁሉ በሕይወቱ እንዲለቀቅ ታዘዘ። ዛሬ በዚያ አገር በዘንግ ከሚያዘው ሳልሞን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ተመልሶ ወደ ውሃ ይገባል። ለመልቀቁም ሥርዓት አለው፤ መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የሌለው እንዲሆን፥ ዓሣው ከውሃ እንዳይወጣ፥ በረጅሙ ታግሎ እንዳይደክም፥ ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙሮ ትንፋሹ እስኪመለስ እንዲያዝ ይመከራል። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን የተለቀቀው ዓሣ ብዙ ጊዜ ስለሚሞት ዘንጉን ጨርሶ መሰብሰብ ይሻላል።

እንዲህ ሲሆን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በስዊስ አገር ሕጉ ተቃራኒውን ይናገራል። በዚያ ከ2009 ጀምሮ አስቀድሞ ሊለቅቅ አስቦ ማጥመድ የተከለከለ ነው። የሕጉ አሳብ፥ ለመብል የማትፈልገውን ፍጡር ለጨዋታህ ስትል አታሠቃየው የሚል ነው። በ2003 በስኮትላንድ አገር ኤዲንብራ አጠገብ ባለ የምርምር ተቋም የሠሩ ሊቃውንት የሳልሞን ዘመድ በሆነው በትራውት ዓሣ ከንፈርና ፊት ላይ ጕዳትን የሚሰሙ ነርቮች መኖራቸውን አሳይተዋል። ዓሣ ሕመምን እንደኛ ያውቀዋል ወይ የሚለው ክርክር ገና አልበረደም፤ ሆኖም ምንም አይሰማውም ብሎ በልበ ሙሉነት መናገር ከዚያ ወዲህ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ አንዱ አገር «ካልለቀቅህ ጨካኝ ነህ» ይላል፤ ሌላው «ለመልቀቅ ከያዝህ ጨካኝ ነህ» ይላል። እኔ ከማን ጋር እንደምቆም ብትጠይቁኝ ወደ ስዊሶቹ አደላለሁ። የራበው ሰው አንድ ዓሣ ይዞ ፈጥኖ ቢገድለውና ቢበላው የሚወቀስበት ነገር አይታየኝም። ዓሣው ጥቂት ከሆነና መግደል የማይገባ ከሆነ ግን፥ ከረጅም ጕዞ ደክሞ የመጣውን መንገደኛ በከንፈሩ እየጐተቱ ካጫወቱ በኋላ «ሂድ፥ መንገድህ ይቅና» ማለት ለእኔ ሙሉ ምሕረት አይመስለኝም። የስኮትላንድ አጥማጆች ግን ለዚህ የማይናቅ መልስ አላቸው። «ወንዙን የምንጠብቀው እኛ ነን፤ ዘበኛውን የምንከፍለው፥ የቈሸሸውን የምናጋልጠው፥ ዛፍ የምንተክለው እኛ ነን። ዘንጋችንን ብታስጥሉን ለዓሣው ማን ይጮኽለታል?» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። የሚወድደው ሰው የሌለው ወንዝ ጠበቃም የለውም።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ይልቅ ለዓሣው የጠቀመው ግን መንገዱን መክፈት ነው። ፒትሎክሪ በተባለ ስፍራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለኤሌክትሪክ ኀይል ግድብ ሲሠራ 34 ገንዳዎች እንደ ደረጃ ተደርድረው ተሠሩለትና ሳልሞኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ግድቡን ያልፋል። ኦሪ ቪግፉሶን የተባሉ የአይስላንድ ነጋዴ ደግሞ እስከ ሞቱበት እስከ 2017 ድረስ ሌላ መንገድ ይዘው ሠሩ። በባሕር ላይ መረብ የሚጥሉትን ሰዎች በመክሰስ ፈንታ ገንዘብ አሰባስበው መረባቸውን እንዲያነሡ ካሣ ከፈሉአቸው። በ1991 ከፋሮ ደሴቶች አጥማጆች ጋር፥ በ1993 ከግሪንላንድ አጥማጆች ጋር ተስማሙ። አጥማጁ እንጀራውን ሳያጣ ዓሣው መንገዱን አገኘ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በባሌ ተራሮች እንደ ዌብ ባሉ ወንዞች የሚገኘው ትራውት የሳልሞን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው። እኔ የማስበው ግን ስለ እርሱ ሳይሆን ስለ ጣና ነው። በጣና ውስጥ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ ብለው የሚጠሩት፥ ከ15 የማያንሱ ዐይነቶች ያሉት የዓሣ ወገን አለ፤ አብዛኞቹ ዐይነቶች ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። በዘር ከሳልሞን ጋር አይዛመዱም። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ክረምት ሲበረታ፥ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፥ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጕማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይገባሉ፤ ሽቅብ ወጥተውም ውሃው ፈጥኖ በሚፈስስበት ጠጠር ላይ ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። ልጆቻቸው ኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ስለ ሳልሞን የነገርኋችሁ የመንገደኛነት ነገር ሁሉ በእነዚህም ላይ ይሠራል።

በሐይቁ ላይ ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። መረቡ በወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ለመውለድ የተሰበሰበው ሁሉ ይገባበታል። ከወንዙ በላይ በኩል ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ላይ በመበተን ዓሣውን የሚያሰክሩ አሉ፤ ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። ሊቃውንት በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት በኋላ ሐይቁን መርምረው በወንዝ የሚወልዱት ዐይነቶች ብዛት ከመቶ ሰባ አምስት ያህል ቀንሶ አገኙት። ከዚያ በኋላም በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ የሚሆን ግድብ ተሠርቷል።

ሕግ የለም አይባልም። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቍጥር 315፥ በእኛ አቈጣጠር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከእናንተም መካከል በየመሥሪያ ቤታችሁ የአዋጅን ዝርዝር ደንብ የምታረቅቁ፥ የበጀት መዝገብ የምትይዙ ትኖራላችሁ። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ የወንዞቹ አፍ በነዚያ ሁለት ወራት ከመረብ ነጻ ይሁን፤ ብርብራ የሚበትነውንም የየቀበሌው ሽማግሌ ይከልክለው። ነገር ግን በጕማራ አፍ ላይ መረቡን የዘረጋው ሰው ልጆች አሉት፤ መረቡንም የገዛው ተበድሮ ሊሆን ይችላል። ነሐሴና መስከረም ደግሞ ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፥ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። የወንዙ አፍ ይዘጋ የሚለው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፥ ይህ ሰው በነዚያ ስድሳ ቀኖች ምን እንደሚሠራና ደመወዙን ከየት እንደሚያገኝ በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።